ዱላችሁን በር ላይ አስቀምጡ ያልኩበት ጉዞ

የዚህ ጉዞ ሰዎች አምስት ነን። አንደኛዋ ልጄ ትዕግሥት ናት፤ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ናት፤ ከሕክምናዋ ጎን ለጎን ሰው እንዴት እንደሚራመድ ታጠናለች። ሁለተኛው ሾፌራችን ከድር ነው፤ የቡሬ ልጅ፣ ቀልደኛ፣ መኪናውን ከራሱ አብልጦ የሚያጥብ። ሦስተኛው አያናው ነው፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖር፣ አርባ ዓመት ያልሞላው ገበሬ። አራተኛዋ ሚስቱ ማንጠግቦሽ ናት። አምስተኛው እኔ በቀለ ነኝ፤ አዳማ ከተማ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ያለኝ አናጢ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ የቀረውን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ጀምሬ በራሴ ነው የተማርኩት። ስሜን መጨረሻ ላይ የጻፍኩት ለትሕትና አይደለም። ጥፋት የሠራው ሰው መጨረሻ ላይ ይቁም ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ከአዳማ የተነሣነው ገና ሳይነጋ ነበር፤ ወሩ ግንቦት። የልጄ ረዳት በድንገት ስለታመመ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚጠራላት አጥታ ነበር። «አባባ፣ አንተ ሰው ማዘዝ ትወዳለህ፤ ና» አለችኝ እየሳቀች። እኔ ግን በቁም ነገር ነው የተነሣሁት። በርና መስኮት ሠርቼ ያስተማርኳት ልጅ ምን እንደምትሠራ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። የሸጠው ሳንቃ የማን ቤት ውስጥ እንደቆመ የማያውቅ አናጢ ደግሞ ግማሽ አናጢ ነው።

ስለ መንገዱ ሰላም ከድር በየከተማው እየደወለ ይጠይቅ ነበር። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ የአዳማን ቀትር አስታወሰኝ፤ ድልድዩን ተሻግረን ደጀን ስንወጣ ደግሞ ኮቴን ፈለግሁ። እኛ ዘንድ አንድን ቀን ሙሉ ብትነዳ የምታየው የአየር ለውጥ እዚህ በአንድ ዳገት ያልቃል።

መንገድ ላይ ትዕግሥትን ጠየቅኋት። «አጥንት በራጅ ይታያል። የሰው አካሄድ መቅረጽ ምን ያደርጋል?»

«ራጅ ላይ ያለ አጥንት አይራመድም፣ አባባ» አለች። «አጥንቱ ጠማማ ሆኖ አካሄዱ የተስተካከለ ሰው አለ፤ እሱን ቆርጬ ባቀናው እጎዳዋለሁ። አጥንቱ ትንሽ ብቻ ዘንበል ብሎ መራመድ ስቃይ የሆነበትም አለ። ማንን መቁረጥ እንዳለብኝ የሚነግረኝ አካሄዱ ነው።»

በልቤ ግን ጠማማን ማቅናት እንጂ ሌላ ምን ያስፈልጋል አልኩ። ይህ ሐሳቤ በሦስተኛው ቀን ዋጋ አስከፈለ። ደብረ ማርቆስ አደርን፤ በሁለት ብርድ ልብስ።

ሁለተኛው ቀን

በደምበጫና በጅጋ አልፈን ፍኖተ ሰላም የደረስነው ከምሳ በፊት ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገበሬው በሬውን ጠምዶ ለበቆሎ ያርሳል። አዳማ ዙሪያ አፈሩ ነጣ ያለና አቧራ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ማሳው ወደ ሰው ቤት ይገባል። እዚህ አፈሩ ቀይ ነው፤ ጫማ ላይ ከተጣበቀ ሳይፋቅ አይለቅም።

ያረፍንበት ቤት አልጋ አንድ እግሩ አጭር ነበር፤ በተገላበጥኩ ቁጥር ይንቋቋል። አንዱ ቀደም ብሎ ያረፈ ሰው ካርቶን አጥፎ ከሥሩ ሰክቶበታል። እንዲህ ያለ ሥራ ያናድደኛል። ባለቤቲቱን መዶሻና ቁራጭ እንጨት ጠየቅኋቸውና አስተካከልኩት። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው አፋቸውን ይዘው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ኧረ በሞቴ! እንግዳ ሆነው መጥተው እኔን ያገለግሉኛል?»

«የተበላሸ ነገር እያየሁ አልተኛም።»

«እንግዲያው ይኼ ቤት እንቅልፍ አይሰጥዎትም» አሉና ሳቁ። ከዚያ በኋላ በቆየንበት ጊዜ ሁሉ የምሳ ሒሳብ አልቀበል አሉን። አዳማ ቢሆን ባለሆቴሉ ቀሪዎቹን አልጋዎች ቆጥሮ ያሳየኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በተሰጠን አዳራሽ ትዕግሥት ዕቃዋን ዘረጋች። የእግርን ጫና የሚመዘግብ ረጅም ምንጣፍ አለ፤ በሁለት ወገን ካሜራ ይቆማል፤ በሰውየው ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ደግሞ ትንንሽ ነጭ ኳሶች ይለጠፋሉ። ለእኔ የሰጠችኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «በተራ ጥራቸው፤ እንደ ወትሯቸው እንዲሄዱ ንገራቸው። ሌላ ምንም አትበላቸው።»

ሦስተኛው ቀን

አሥራ ሁለት ሰዎች መጡ። ሁሉም ከዓመታት በፊት እግራቸው ተሰብሮ ወጌሻ ያሰረላቸው፣ አጥንቱም ተጣሞ የገጠመባቸው ናቸው። ትዕግሥት በዚህ ዙር ቀዶ ሕክምና ልታደርግ የምትችለው ለአራት ሰው ብቻ ነበር።

የጎጃም ወንድ ያለ ዱላ አይንቀሳቀስም። አንዱ ትከሻው ላይ አጋድሞታል፣ አንዱ ተደግፎታል፣ አንዱ በብብቱ ሥር ይዞታል። በጋቢ ተጠቅልለው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ዘመም ዘመም እያሉ ወደ ልጄ አዳራሽ ሊገቡ ሲሉ አየሁና ደስ አላለኝም። በሐኪም ፊት፣ ያውም በካሜራ ፊት፣ እንዲህ ይቀርባል? ልጆቼንም ያሳደግኋቸው «ቀጥ በል» እያልኩ ነው።

«ዱላችሁን በር ላይ አስቀምጡ» አልኳቸው። «ጋቢውንም አውልቁ። የምትቀርቡት ሐኪም ፊት ነው፤ ቀጥ ብላችሁ፣ ተስተካክላችሁ ሂዱ።»

አንድም ሰው አልተከራከረኝም። ሽበቴን አይተው «እሺ ጌታው» እያሉ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። አሥራ ሁለት ዱላ ተደርድሮ ሳይ ሥርዓት ያስያዝኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

አያናው ስምንተኛው ነበር። ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ዋንዛ ሲቆርጥ ግንዱ ቀኝ ጭኑ ላይ ወድቆበት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በር የሠራሁት ከዋንዛ ስለሆነ ይህን ሲነግረኝ ትንሽ ደነገጥኩ። ልጄ ኳሶቹን ስትለጥፍበት ለተቀመጡት ዞር ብሎ፣ «እንግዲህ እንደ ሙሽራ አስጌጡኝ፤ ሚዜ ማን ነው?» አላቸው። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ በምንጣፉ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ተመልሶም መጣ። ግንባሩ ላይ ላብ አይቻለሁ። የሙቀቱ ነው አልኩ፤ ከአዳማ የመጣሁት እኔ ግን ኮቴን አላወለቅሁም ነበር።

ማታ ትዕግሥት የአራቱን ስም ለየች። አያናው የለበትም። «አጥንቱ ከሁሉም የከፋ ነው፤ አካሄዱ ግን ጥሩ ነው፤ ባልነካው ይሻላል» አለች። ቀን ላይ «ደህና ነዎት» ብላ ሸኝታው፣ እሱም እጅ ነስቶ፣ ዱላውን አንሥቶ ወጥቶ ነበር።

አራተኛው ቀን

በማንኩሳ በኩል ቡሬ ገባን። የከድር እናት እማማ ዘሐራ በገበያው በርበሬ ይነግዳሉ፤ ቤታቸው ገና ከበሩ ያስነጥሳል። ልጃቸውን ትተው እኔን አቀፉ፤ ምሳችንንም ቆመው አጎረሱን ማለት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ አጎረሱኝ፣ «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ፣ ከዚያም ቁጥሩ ጠፋብኝ። እኛ ሰፈር ባጃጁ እንዳያመልጠን እየተጣደፍን ሰላም እንባባላለን። እዚህ ቤት ሰላምታው ብቻ ከከብቱ እስከ ዝናቡ ደርሶ ሲያልቅ ወጡ ቀዝቅዟል።

ከምሳ በኋላ ፍኖተ ሰላም መድረስ ያልቻለች አንዲት በሽተኛ ለማየት ወደ ገጠር ወጣን፤ አይተናትም ስንመለስ ዝናብ ያዘንና መኪናችን ጭቃ ውስጥ ገባ። ከድር ጎማውን ቢያሽከረክረው ጭራሽ ጠለቀ፤ የፍሪሲዮን ሽታም መጣ።

«አባባ፣ ይሄ ጭቃ አዳማ ቢሆን ጡብ ሠርታችሁ ትሸጡት ነበር» አለኝ፤ ከራሱ እስከ እግሩ በጭቃው ቀልቶ።

ማዶ ሲያርስ የነበረ ሰው በሬዎቹን ፈትቶ ወደ እኛ መጣ። ገና ከሩቅ ትዕግሥት ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ሰውየው በየእርምጃው ወደ ቀኝ ይወድቃል፣ በዱላው ይነሣል፤ ይወድቃል፣ ይነሣል። ቀርቦ ሲመጣ አያናው ነው።

በሬዎቹ መኪናውን ጎትተው አወጡልን። ትዕግሥት ግን መኪናውን አላየችም።

«አቶ አያናው፣ ትናንት እንዲህ አልነበሩም።»

አያናው አንድ ጊዜ እኔን አየኝ። ከዚያ ዓይኑን መልሶ የበሬውን አንገት ዳሰሰ። «አይ ዶክተርዬ፣ ትናንትማ ቀለል ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጭቃው ነው።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ስለሞላ እዚያው ቤቱ እንድናድር ግድ አለን። ማንጠግቦሽ መደብ ላይ አዲስ አጎዛ አነጠፈችልን፤ የዳጉሳ እንጀራና እርጎ አቀረበች። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ግን ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ስላላለቀ እርጎው አልተከለከለም። ትዕግሥት ሁለት ጊዜ ጎርሳ አቆመች።

«መሣሪያዬ ነው የዋሸኝ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እሱን ደህና ነህ ብዬ ከሸኘሁ ቀሪዎቹንስ ማን አውቆ? አባባ፣ ሦስት ዓመት የደከምኩበት ነገር ነው። የማይረባ ከሆነ አራቱንም መቁረጥ አልችልም።»

ማንጠግቦሽ ማሰሮውን ይዛ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ ነበር። «የኔ ሰው ታዛዥ ነው» አለች ለማሰሮው። «ቀጥ በል ካሉት ቀጥ ይላል። ቤቱ ገብቶ ሁለት ሰዓት በጀርባው ይተኛል እንጂ ማን እንዳዘዘው አይናገርም።»

«አንቺ ሴት፣ እርጎ ጨምሪላቸው» አላት አያናው።

«እየጨመርኩ ነው። እንግዳ እርጎ እንጂ ወቀሳ አይቀርብለት።»

ልጄ በሐሳብ ስለነበረች አልሰማችም። እኔ ግን ሰማሁ። የቀረበልኝን እርጎ ጠጥቼ ጨረስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሐሰትን ስኮንን ኖሬ፣ በሰው ቤት፣ በሰው እርጎ፣ ልጄ ሥራዋን ስትጠራጠር እያየሁ ዝም አልኩ። ሰውየው እግሩን ለማሳከም የነበረውን ዕድል እኔን ላለማሳፈር ሲል እየተወ እንደሆነም ገብቶኛል። ሽማግሌ እንግዳን በልጁ ፊት አዋርዶ ከሚያወራ ዘመም እያለ ቢኖር ይሻለዋል። ይህን ጨዋነት እያደነቅሁ ከሥሩ ተደበቅሁ።

አምስተኛው ቀን

ሲነጋ አያናው ጠምዶ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ማሳው ተዳፋት ላይ ነው። በሬዎቹን ከዳገቱ ጎን ለጎን ነዳቸው፤ ዳገቱ በቀኙ ሆነ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ሰውየው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አጭሩ እግር ከፍ ባለው መሬት ላይ፣ ረጅሙ ዝቅ ባለው ላይ እያረፈ፣ ዳሌው እንደ ውሃ ልክ ተስተካክሏል።

ጫፍ ሲደርስ ግን በሬዎቹን አዙሮ እያረሰ አልተመለሰም። ማረሻውን ከመሬት አንሥቶ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ ወዲህና ወዲያ እየወደቀ እስከ መነሻው ባዶውን መጣ። ከዚያ እንደገና ጀመረ።

«ለምን መልሱን አታርስም?» አልኩት።

«ስመለስ ዳገቱ በግራዬ ይሆናላ፣ ጌታው። አጭሩ እግር ከታች ሲውል ወገቤ ይቆረጣል፤ እርፉም ከእጄ ያመልጣል። በአንድ ወገን ብቻ ነው የማርስ።» ሳቀ። «ጎረቤት በሁለት ቀን የሚጨርሰውን በአራት ቀን እጨርሳለሁ። በሬዎቼ ግን ወደዱት፤ ግማሹን ቀን ሽርሽር ነው።»

«ስድስት ዓመት?»

«ስድስት ዓመት። ዘንድሮ ግማሹን ማሳ ለእኩል አራሽ ልሰጥ ነበር። ዶክተሯ እምቢ ስትል ሰጠሁት።»

የምሠራበትን ጠረጴዛ አሰብኩ። ወለሉ ዘመም ሲል ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ አዙረህ ብታስቀምጠው ይቆማል፤ ያን ጊዜ ያየው ሰው ጤነኛ ነው ይላል። የእኔ ጥፋት ከዚህም ይብሳል፤ እኔ ሰውየውን በግድ ሲሚንቶ ላይ ቀጥ አድርጌ አቁሜ ነው ጤነኛ ያስመሰልኩት።

ትዕግሥት ከቤቱ ወጥታ ስትመጣ፣ አያናው በቆመበት ነገርኳት።

«መሣሪያሽ አልዋሸም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ዱላቸውን በር ላይ አስቀምጡ፣ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ ብያቸው ነበር።»

«እሱን?»

«አሥራ ሁለቱንም።»

ጎንበስ ብላ የጫማዋን ቀይ ጭቃ በእንጨት ፋቀች። ብትጮህ እወድ ነበር።

«ትናንት ማታ ስነግርህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አያናው መሐል ገባ። «ዶክተርዬ፣ አባት ናቸው፤ ይተዋቸው። ለእኛ ክብር ብለው ነው።»

«አንተ ዝም በል፣ አያናው» አልኩት። «ከትናንት ጀምሮ የእኔን ሸክም ተሸክመሃል፤ አውርደው። ልጄ፣ ተሳስቻለሁ።»

ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። አራት ልጆች አሳድጌያለሁ። ይህን ቃል ለአንዳቸውም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ትዕግሥት ወደ መኪናው ሄዳ ካሜራዋን አመጣች፤ አንዱን መቆሚያ ለእኔ ሰጠችኝ። «ትልሙ ጫፍ ላይ ቁም» አለች። «አፍህን ዝጋ።» ዘጋሁ።

በሁለቱም ወገን ቀረጸችው። ከዚያ ካሜራዋን ዘግታ፣ ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «የማጠናው የሰውን አካሄድ ነው፤ ያየሁት ግን ሁልጊዜ ሲሚንቶ ላይ ነው።» እኔን ለማጽናናት ያለችው አይደለም። ስለ ራሷ ነው የተናገረችው።

ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን

ከድር ፍሪሲዮኑን ቡሬ አስጠገነ፤ ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤት ቤት ዞርን። ቀሪዎቹን አሥራ አንድ ሰዎች በየደጃቸው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በለመዱት መንገድ ላይ አየናቸው። እኔ መኪና ውስጥ እንድቀመጥ አልተፈረደብኝም፤ ራሴ በራሴ ላይ ፈረድኩ። በየቤቱ ግን አስወረዱኝ፤ ጠላም አጠጡኝ። አንዱ ሽማግሌ ዱላቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝና፣ «ዛሬስ ይግባ ይላሉ ወይስ ይውጣ?» ብለው ከድርን በሳቅ ገደሉት።

ዝርዝሩ ተለወጠ። ከአራቱ አንዱ የነበረ የጅጋ ሰው ዱላውን ሲይዝ ደህና ይራመዳል፤ ያለ ዱላው ነበር የከፋው። «አይቆረጥም» ስትለው መሬቱን ሳመ፤ ከመጀመሪያውም ፈርቶ ነበር። በእሱ ቦታ አያናው ገባ። ማንጠግቦሽ ሲነገራት «እንግዲህ ማን ያርሳል?» አለች። የድሮው እኔ ብሆን «መጀመሪያ ጤና» ብዬ ስብከት እጀምር ነበር። አሁን ግን ጥያቄዋ ትክክል መሆኑ ገባኝ። የመለሱላት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ በየተራ ሊያርሱላቸው ተስማሙ።

በዘጠነኛው ቀን ወደ አዳማ ስመለስ ልጄ ለቀዶ ሕክምናው እዚያው ቀረች። የአውቶቡስ ቲኬቴን የቆረጠችልኝ እሷ ናት፤ የመስኮቱን ወንበር።

ይህን የምጽፈው ከዓመት በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት አያናው ደወለ። የበሬ ድምፅ ይሰማኛል። «ጌታው፣ ይስሙኝማ» አለና ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለብዙ ጊዜ ትንፋሹንና አፈር ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ከዚያ «ዙር!» ሲል ሰማሁ፤ በሬዎቹ ዞሩ፤ የአፈሩም ድምፅ እንደገና ቀጠለ። መልሱን እያረሰ ነው።

እንግዲህ ሁላችንም የከፈልነውን ልደምር። ትዕግሥት የአንድ ቀን ልፋቷን ጣለች፣ ሦስት ቀንም ጨመረች። ከድር አንድ ፍሪሲዮን፤ ግማሹን እኔ ሸፈንኩለት። እማማ ዘሐራና የፍኖተ ሰላሟ የማረፊያ ቤት ባለቤት ያልተቀበሉን የምሳ ሒሳብ። አያናው አራት ወር ያለ እርፍ፣ ለእኩል አራሽ ከሰጠው ማሳም የምርቱ ግማሽ። ማንጠግቦሽ አንድ ጊደር፤ ለአስታማሚነት ቡሬና ፍኖተ ሰላም ስትመላለስ ሸጠቻት። ጎረቤቶቻቸው አሥራ አንድ ቀን ከነበሬዎቻቸው። እኔ አንድ ቃል። ከሁሉም ርካሹ የእኔ ነበር፤ ለመክፈል አንድ ሌሊት የዘገየሁትም እኔ ብቻ ነኝ።